«አጥብቅ» እና «አታክርር»፦ ስለ አንድ የትርጉም ረቂቅ

የጠመንጃን የፊት መያዣ በብሎን ስለ መግጠም የሚናገር አንድ አጭር የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን ነበር። ሥራው ከእንግሊዝኛ የተመለሰ፣ ከጥቂት ገጽ የማይበልጥና ለኅትመት ያልበቃ በመሆኑ የተርጓሚውን ስም ማንሣት አያስፈልግም። የመመሪያው ጉዳይ እንዲህ ነው። በጠመንጃው ብረት ዙሪያ የነበረው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መያዣ ይወልቅና በምትኩ ጎንና ጎኑ ጥርስ የወጣለት የአሉሚኒየም መያዣ ይገባል፤ በጥርሱም ላይ የእጅ መብራት፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ወይም ሌላ ተጨማሪ ዕቃ ይያያዛል። መያዣውን የሚያጣብቁት ጥቃቅን ብሎኖች ናቸው። የመነሻው ጽሑፍ ቁም ነገር በሙሉ በአንድ ማስጠንቀቂያ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ብሎኖቹ ከተወሰነላቸው ልክ አልፈው እንዳይጠብቁ ነው። ረቂቁ ብዙውን ነገር በንጹሕ አማርኛ ከመለሰ በኋላ የተሰናከለው በዚሁ ማስጠንቀቂያ ላይ ነው። መሰናክሉ የተርጓሚው ብቻ ቢሆን ኖሮ በግል ደብዳቤ ነግረነው በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ የስሕተቱ ሥር በቋንቋችን የግሥ አረባብ፣ በፊደላችንና ቃላትን በምንመዘግብበት ልማድ ውስጥ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን።

ረቂቁ በሰሜን ሸዋ ለሚገኝ አንባቢ የታሰበ ነበርና በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ለሚያውቁ ሰዎች አስነበብነው። አንኮበር ለጠመንጃም ለመዝገበ ቃላትም እንግዳ አገር አይደለችም። ኢዘንበርግና ክራፕፍ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመልሶ፣ በሁለት ክፍል የተዘጋጀውን የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841 ለንደን ላይ አሳተመ። መዝገበ ቃላቱ በታተመበት በዚያው ዓመት ካፒቴን ሐሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክት ሸዋ ገብቶ ለንጉሡ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል 300 ያህል ጠመንጃ ይገኝበት ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክን በከተማዋ ሳያገኝ ቀርቶ እንጦጦ ድረስ መጓዝ ግድ ሆኖበታል። መሣሪያው በመጣ ቁጥር ስሙም አብሮ ይመጣ ነበር። የሸዋ ሰውም ስሙን በራሱ አንደበት እየሞረደ አስቀረው፤ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር ተባለ። ጠመንጃ ወይም ጠበንጃ የሚለው ራሱ ከቱርክኛ የተወረሰ ነው። ከዐረብኛ የመጣው ነፍጥ ደግሞ በኋላ ከጣልያንኛ ከገባው ናፍጣ ጋር የሩቅ ዘመድ መሆኑን ስንቱ ነፍጠኛና ስንቱ የነዳጅ ነጋዴ ያስተውለው ይሆን?

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። ስሞቹ ሲለመዱ የመሣሪያውን ክፍሎች የሚጠሩት ቃላትም አብረው ተደላድለዋል፤ ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ምላጭ፣ ቃታ፣ ሳንጃ፣ ማንገቻ፣ ዝናር፣ ቀለህ ማንም የማይሳሳታቸው ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ቸኩለናል፤ ምላጭና ቃታን ዛሬ ብዙ ተርጓሚ ይሳሳታቸዋል። በልብ ወለድ ትርጉም ውስጥ ጀግናው ቃታ ስቦ ሲገድል ደጋግመን እናነባለን፤ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ግን ቃታ የሚሳበው ጥይት ለማጉረስ፣ ምላጭ የሚሳበው ለመተኮስ መሆኑን ይናገራል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የክፍሎቹ ስም በዚህ መጠን የተደላደለ ሲሆን፣ ክፍልን ከክፍል ጋር የሚያገናኘው የእጅ ሥራ፣ ማለት መግጠሙ፣ ማሰሩ፣ ማጥበቁ፣ ማላላቱ ግን ከባለሙያው አፍ ወጥቶ በሚገባው መጠን ወደ ጽሑፍ አልገባም። ቃላት የሚሰበስብ ሰው የዕቃ ስም መልቀም ይቀናዋል፤ ስሙን ጽፎ ሲያበቃ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን እኛም ስናደርገው ስለኖርን ነው።

አሁን ረቂቁን እንመልከት። ተርጓሚው የፊት መያዣውን «እጅ ጠባቂ» ብሎታል። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ እጅና ጥበቃ ስላሉ ሁለቱን በሁለት መመለሱ ነው። የአንኮበር ተወላጅ የሆኑና በጎልማሳነታቸው የጠመንጃ ሰደፍ ይጠርቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ሲነበብላቸው፣ «እጅ ጠባቂ ደግሞ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የዕቃው አገልግሎት ከተኩስ ብዛት የጋለው ብረት እጅን እንዳይፈጅ መከላከልና ለግራ እጅ መያዣ መሆን ነው። «ታዲያ እርስዎ ምን ይሉታል፣ ጋሼ?» ብንላቸው፣ «እኛማ እንጨቱ ነበር የምንለው» አሉን። እንጨትነቱ ቀርቶ ፕላስቲክ፣ አሁን ደግሞ አሉሚኒየም ሆኗልና «እንጨቱ» አያስኬድም። በእኛ አስተያየት «የፊት መያዣ» የሚለው ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ይበቃል።

«እጅ ጠባቂ» ዘበኛ መምሰሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስቆ ይታለፍ ነበር። ዋናው ችግር የመጣው ቀጥሎ ባለው ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ ረቂቁ በዚያ ስፍራ ስለ ብሎኑ ሲናገር «ይጠበቃል» ይላል። ተርጓሚው ሊል የፈለገው ብሎኑ እንዲጠብቅ ይደረጋል ነው። አንባቢው የሚረዳው ግን ወይ ብሎኑ ዘብ ይቆምለታል፣ ወይም ብሎኑ ይመጣል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። ለቋንቋ አጥኚ ነገሩ አዲስ አይደለም። አማርኛ ሁለት ጠበቀ አለው። የመጀመሪያው የዘበኛውና የእረኛው፣ እንዲሁም እንግዳ የሚጠባበቅ ሰው ጠበቀ ነው። ሁለተኛው የቋጠሮውና የብሎኑ፣ ማለት የላላ ተቃራኒ የሆነው ጠበቀ ነው። በኃላፊ ጊዜ ሁለቱም በአነባበብም በጽሕፈትም አንድ ናቸው። በትንቢት ግን ዘበኛው ይጠብቃል ስንል «ብ» ትጠብቃለች፣ ቋጠሮው ይጠብቃል ስንል ትላላለች፤ በፊደል ሲጻፍ ይህ ልዩነት አይታይም። የሚለያዩት በንዑስ አንቀጽ ነው፤ የዘበኛው መጠበቅ፣ የቋጠሮው መጥበቅ ይሆናል። በትእዛዝም ዘበኛውን ጠብቅ፣ ቋጠሮውን አጥብቅ እንላለን። ይጠበቃል የሚለው ተገብሮ ከዘበኛው ግሥ የወጣ እንጂ ከቋጠሮው ግሥ አይወጣም፤ የቋጠሮው ግሥ ራሱ ተሳቢ የሌለው ስለሆነ «ይጠብቃል» ወይም «እንዲጠብቅ ይደረጋል» ነው መባል ያለበት። ሌስላው በ1976፣ ኬንም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መዝገበ ቃላት ቃሉን በላቲን ፊደል አነባበቡ ጭምር ስለሚጽፉት የባዕድ አገር ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። በራሱ ፊደል ብቻ የሚያነበው አማርኛ ተናጋሪ ግን በጆሮው ያውቀዋል ተብሎ ይተዋል። በጆሮው ማወቁ እውነት ነው፤ በማያውቀው ዕቃ ላይ የተጻፈ መመሪያ ሲያነብ ግን የሚረዳው ጆሮ አያገኝም።

በሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ከደብረ ሲና በታች እስከ አንኮበር የሚዘልቀው የወፍ ዋሻ ደን ጥብቅ ደን ይባላል፤ ከአለቃው የሚወርደው ትእዛዝም ጥብቅ ትእዛዝ ይባላል። የደኑ ጥብቅነት ከዘበኛው፣ የትእዛዙ ጥብቅነት ከቋጠሮው ነው። ሰው ሁለቱን አያምታታም፤ ምክንያቱም ደንንም ትእዛዝንም ያውቃል።

በዚህ መካከል አንድ ነገር አስገረመን። የሰዋስው ሊቃውንታችን ይህንኑ የድምፅ ልዩነት የሚጠሩት ጠብቆ ይነበባል፣ ላልቶ ይነበባል እያሉ ነው። ፊደልን እንደ ቋጠሮ አይተውታል ማለት ነው። ቋንቋችን ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ ያለው መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ውጪ ሦስተኛ ደረጃ የለም። ለድምፅ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ጠብቆ የተነበበ ፊደል ከልክ በላይ ጠብቆ አይበጠስም። ብሎን ግን ሦስተኛውን ደረጃ ይፈልጋል።

ይህ የረቂቁ ትልቁ ጉዳት ነው። እንግሊዝኛው ከልክ ማለፍን በአንዲት ቅጥያ ይናገራል፤ አማርኛው የግድ ማብራራት አለበት። ተርጓሚው «በጣም አታጥብቅ» ሲል መለሰው። በደብረ ብርሃን ያስነበብናቸው አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ ይህን ሲሰሙ፣ «በጣም ካልጠበቀማ ይወልቃል» አሉን። ተሳስተዋል አንልም፤ ቃሉ ያላቸውን ነው የመለሱልን። በአማርኛ ማጥበቅ ሁልጊዜ የሚመሰገን ነገር ነው። አጥብቆ ያዘ፣ አጥብቆ ለመነ፣ አጥብቆ መከረ ስንል ያደረገው ሰው አበጀ እንላለን። ስለዚህ «በጣም አታጥብቅ» የተባለ ሠራተኛ የሚሰማው የስንፍና ምክር ነው፤ ለጥንቃቄ ሲልም ያጠብቀዋል። እኛ የምናውቀው ማጥበቅ ቅጣት የሚያመጣበት አንድ አባባል «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» የሚለው ነው፤ እሱም ቢሆን ስለ ጥያቄ እንጂ ስለ ማሰር አይደለም።

ከልክ ያለፈው ብሎን የሚያደርሰውን ደግሞ ማንም የእጅ ባለሙያ ያውቀዋል። ብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸነፋል፤ ጥርሱ ይበላል፤ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይዝም። ጥርሱ ቢችል እንኳ ብሎኑ ራሱ ይሳባል። በልኩ የጠበቀ ብሎን ጥቂት ተስቦ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚታገል ጅማት ነው፤ አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው ትግል ነው። ከልኩ ሲያልፍ ግን ተስቦ ይቀራል ወይም አንገቱ ይቀነጠሳል። መያዣውም ቢሆን ስስ ስለሆነ ሊጣመም ይችላል፤ ተጣሞ ብረቱን ከነካው ወይም ከጫነው ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ይህ የደረሰበት ሰው ጥፋቱን በማነጣጠሪያው ወይም በጥይቱ ላይ ይጥላል፤ በአንዲት ግሥ የመጣ መሆኑን የሚነግረው የለም።

የቃሉ ድህነት በቁጥር ይካስ ይሆናል ብለን ቁጥሩን ብንመለከት የባሰ ገጠመን። እንግሊዝኛው የመጠምዘዣውን ጉልበት የሰፈረው በኢንች ፓውንድ ነው። በረቂቁ ኢንች ወድቃ ፓውንድ ብቻ ቀርታለች። የመካኒክ ሙያ ያለው አንባቢ ፓውንድ ብቻውን ሲያይ የመኪና ጎማ ብሎን የሚጠብቅበትን ፉት ፓውንድ ያስባል። አንድ ፉት 12 ኢንች ነውና ስሕተቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል 35 ኢንች ፓውንድ ማለት 4 ኒውተን ሜትር ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ሲሆን፣ 35 ፉት ፓውንድ ግን ከ47 ኒውተን ሜትር ያልፋል። የመጀመሪያው በሁለት ጣት የተያዘ ትንሽ መፍቻ የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው በክንድ የሚመጣ ነው። ጥቃቅኑ ብሎን ሁለተኛውን አይችልም። በነገራችን ላይ፣ ካስነበብናቸው አንዱ ፓውንድን ሲሰሙ የእንግሊዝ ገንዘብ መስሏቸው ዋጋው መሆኑን ጠይቀውናል። ስለዚህ ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ልኬት ሲተረጎም ወደ ኒውተን ሜትር ተለውጦ እንዲጻፍ፣ የመነሻው ልክ ከተጻፈም ኢንቿ ፈጽማ እንዳትወድቅ እናሳስባለን። የትርጉም አራሚ ነጠላ ሰረዝ ሲያርም ይውላል፤ ኢንችን ግን ማንም አላየለትም።

በሚያስመሰግነው በኩል ረቂቁ ከባለሙያው አፍ የወጡትን የመሣሪያ ስሞች አልናቀም። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ እንዳሉ ገብተዋል። ባዕድ ቃል ሁሉ ይነቀል የሚለው ወገን ለእነዚህ ከግእዝ ምትክ እንዲፈጠር ይጠይቅ ይሆናል። እኛ ግን በእጅ የለመደ ቃል በብራና ቃል እንዲተካ አንመክርም፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እንኳ በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው በካህናትና በአገረ ሰብ ቋንቋ መጻፉን በርዕሱ አስታውቀዋል። ተርጓሚው አንድ ቦታ ላይ ብቻ መፍቻ የሚለውን ቃል ሸሽቶ «ማጥበቂያ» ብሏል፤ በመፍቻ ማጥበቅ እርስ በርሱ የሚቃረን መስሎት ይሆናል። በእርግጥም አማርኛ ይህን መሣሪያ የሰየመው በመፍታቱ እንጂ በማሰሩ አይደለም። ቢሆንም ሕዝቡ በመፍቻ ሲያጠብቅ ኖሯል፤ ማንም ግራ አልገባውም። ጉልበቱን ለክቶ ሲደርስ የሚያቆመውን ዘመናዊ መሣሪያም «ባለ ልክ መፍቻ» ብንለው ይገባል።

ለሦስተኛው ደረጃ የምናቀርበው ቃል ከብረት ሥራ ሳይሆን ከፈትል የተወሰደ ነው። የመንዝ ሴቶች ለባናና ለዝተት የበግ ጠጉር ሲፈትሉ እንዝርቱን ከመጠን በላይ ካዞሩት ክሩ ይከራል፤ የከረረ ክር በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፣ ይቋጠራል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ክራር የሚቃኝም ሰው ጅማቱን ሲያከርር እስከየት እንደሚሄድ ያውቃል። በእነዚህ ሥራዎች መክረር ማለት ዝም ብሎ መጥበቅ አይደለም፤ ወደ መበጠስ የቀረበ መጥበቅ ነው። ጠብም ሲከር፣ ክርክርም ሲከር የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ብሎን ደግሞ እንደ ክር እየተጠመዘዘ የሚገባ፣ እንደ ጅማት የሚሳብ ነገር ነው። ስለዚህ ማሰር ክፍሉን ከክፍል ማገናኘት፣ ማጥበቅ እስከ ተወሰነው ልክ ማድረስ፣ ማክረር ከልኩ ማሳለፍ ተብሎ ቢለይ፣ ለሦስቱም ቃል ይኖረናል ማለት ነው። «ብሎኑን አጥብቅ፤ አታክርር» ቢባል ትእዛዙ አጭር ነው፤ የስንፍና ምክርም አይመስልም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ አክራሪ የሚለው ቃል የፖለቲካና የሃይማኖት ንግግር ሆኖ ከጋዜጣ አልወርድ ብሏል፤ ከጠመንጃ ጋር ሲጠራ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስባል። ይህ ፍራቻ መሠረት የለውም አንልም። ሆኖም ጋዜጣ የወሰደው የአድራጊውን ስም ነው፤ ግሡ አሁንም የፈታዮችና የክራር መቺዎች ነው። ግሡን በሥራ ላይ ካላዋልነው እሱም ጭምር ሊወሰድብን ይችላል። ሌላው ተቃውሞ ከራሳችን ከመጽሔቱ ባልደረቦች የመጣ ነው፤ በሙያ ስምምነት ያልጸደቀን ቃል በመመሪያ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ደንብ አይደለም ይላሉ። ደንቡን እናከብራለን። ቃሉ እስኪጸድቅም ድረስ «ከተወሰነው ልክ አሳልፈህ አታጥብቅ» ተብሎ በረጅሙ ይጻፍ፤ «በጣም» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በማንኛውም ሁኔታ ይውጣ።

ለአዛውንቱ የታረመውን ክፍል መልሰን አነበብንላቸው። ብሎኖቹ በመጀመሪያ ሁሉም በጣት እስኪይዙ ይገባሉ፤ ከዚያ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ በየተራ ጥቂት ጥቂት ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻ ባለ ልክ መፍቻው እስኪያቆም ይደርሳሉ፤ አይከርሩም። «አይከርሩም» የሚለውን ሁለተኛ አስነበቡንና፣ እሳቸው የሰደፍ ብሎን ሲያስሩ የሚተማመኑት በአውራ ጣታቸው እንደ ነበር ነገሩን፤ ጣት ለጣት ግን እንደሚለያይ፣ ደቀ መዝሙራቸውን ይህን ለማስተማር ብዙ ብሎን እንዳባከኑም ጨመሩልን።

ከተርጓሚው ጋር ያልተስማማንበት አንድ ቃል ቀርቷል። ጥርሳሙን የመያዣውን ክፍል «ሐዲድ» ብሎታል፤ አንባቢው ወዲያውኑ ባቡር ይታየዋል። እኛ «መግጠሚያ ጥርስ» እንዲባል ሐሳብ ብናቀርብ፣ የብሎኑም ክር ጥርስ ስለሚባል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጥርስ ይሆናል ብሎ መለሰልን። መልሱ ትክክል ነው። «ሐዲድ» በዐረብኛው ብረት ማለት ብቻ ስለሆነና በላዩ ላይ ዕቃ ስለሚንሸራተት፣ «መግጠሚያ ሐዲድ» ተብሎ ለጊዜው ይቆይ ብለናል፤ የተሻለ ቃል ከብረት ሠሪዎች አፍ የሰማ አንባቢ ቢጽፍልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።